ከእፍኝ ወደ ሚዛን

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደጋ አገር ተወልዶ ያደገ፣ ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠረና ወደ ቆላ ወረዳ የተመደበ ልጅ ነው። ቆላውን በረገጠ በሦስተኛው ወር ብርድ ብርድ አለው፤ ራሱን ፈለጠው፤ ጉልበቱ ከዳው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ቢመረመር ወባ መሆኑ ታወቀና ኪኒን ተሰጠው። ሁለት ቀን ዋጠ፤ ትኩሳቱም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ «ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል» በማለት ከሣጥኑ ውስጥ አኖረው። በዚህ መካከል እናቱ መታመሙን ሰምተው ኖሮ፣ በመንገደኛ እጅ አንድ ከረጢት ደረቅ ቅጠል ላኩለት፤ ጧት ጧት በባዶ ሆዱ እያፈላ እንዲጠጣው።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ የሚል ነው፦ «የወባው ኪኒን ራሱ ከቅጠል የወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ፣ እናቴ የላኩልኝን ቅጠል ብጠጣና ኪኒኑን ብተወው ምን ይቀርብኛል?»

ጥያቄውን የሞኝ ጥያቄ ነው ብዬ አላለፍሁትም። ግማሹ እውነት ነው፤ መልሱን ያስረዘመውም ይኸው ግማሽ እውነትነቱ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። እርስዎም ወደ ቆላ ባይመደቡ እንኳ ከቤትዎ ጓዳ አንድ ጥቅል ቅጠል ወይም ሥር አይጠፋምና አብረው ያንብቡት። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ፊት ቆመው ብልቃጡንና ካርቶኑን ሲመለከቱ፣ ከጀርባው ያለው ጫካና ማሳ፣ ቄራና ሻጋታ አይታይዎትም። ሞርፊን የሚባለው የሥቃይ ማስታገሻ የኦፒየም ተክል ፍሬ ሲጫር ከሚወጣው ወተት የተገኘ ነው። ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ላይ ያገኘው ከሻጋታ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ መጀመሪያ የደረሰው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር፣ በዓይን ከማይታይ ሕይወት ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ካፕቶፕሪል የተሠራው የብራዚል እባብ መርዝ ሲመረመር በተገኘው ዕውቀት ነው። ኩዊኒንም በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ከሚበቅለው ከሲንኮና ዛፍ ልጥ የወጣ ነው። ሰው ልጡን ወቅጦ በወይን ጠጅ እየበጠበጠ ሲጠጣው ኖሮ፣ በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፓሪስ ላይ ኃይሉን ከልጡ ለይተው አወጡት። እኛ ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም የሚሰጠውን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» ብለን የምንጠራው በዚያው ልጥ ስም መሆኑን ልብ ብለው ያውቃሉ? ስሙ ወባን አልፎ ሄደና የእንክብል ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ወጣቱ «ከቅጠል የወጣ ነው» ማለቱ አልተሳሳተም። የሳተው «የወጣ» የምትለዋን ቃል ሳይመረምር ማለፉ ነው።

ከሩቅ አገር በፊት ከቤታችን እንጀምር። ኮሶን ያልጠጣው ሰው እንኳ መራራነቱን በወሬ ያውቀዋል። ዛፉ በደጋ ይበቅላል፤ የሴቴው አበባ ቀላ ብሎ በዘለላ ይንጠለጠላል። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተዘፍዝፎ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከሥጋው የሚመጣውን የሆድ ትል አያጣውምና፣ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት ነበር። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችን መጥቶ ሳለ ዛፉን አይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈለት። በኋላም ብሬየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ የአበባውን ሥራ ተመልክቶ ለአውሮፓ ሐኪሞች አስታወቀ፤ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ከእኛ አገር እያስመጡ ይሸጡት ጀመር። ይህን ስናነብ ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል።

ነገር ግን ልኩ ስንት ነው? እኔ ልጅ ሳለሁ በቤታችን የኮሶ ሚዛን የአያቴ መዳፍ ነበር። ለትልቅ ሰው አንድ እፍኝ ሙሉ፣ ለልጅ ከዚያ ጎደል ያለ። የአያቴ እጅ ትንሽ ነበር፤ የጎረቤታችን እጅ ግን ሰፊ ነበር። አበባው የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ በጥላ ይድረቅ በፀሐይ፣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ኮሶ ደግሞ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ያው እፍኝ አንድ ቀን ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ ሌላ ቀን ሰውን ያዝለፈልፋል። በሠፈራችን አንድ ሽማግሌ ጧት የጠጡት አልሠራ ቢላቸው፣ ከሌላ ነጋዴ ትኩስ ኮሶ አስገዝተው በዚያው ዕለት ደገሙ። ሌሊቱን ሲያስታውኩ አደሩ፤ በማግሥቱ ዓይናቸው ጨለመ። ብርሃናቸው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጭነው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አያቸው ነበር። በሠፈሩ ግን «መጋኛ መታቸው» ተባለ እንጂ ኮሶውን የጠረጠረ አልነበረም። ኮሶ በብዛት ሲጠጣ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ነፍሰ ጡርን እንደሚያስወርድ፣ ሰውም እንደሚገድል ሐኪሞች መዝግበው ጽፈውታል። እኔ ይህን ያነበብሁት ሽማግሌው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልዎ። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1775 ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ አንዲት ባልቴት በምስጢር የያዙት የቤተ ሰብ መድኃኒት አለና ምን ትላለህ ተብሎ ተጠየቀ። ባልቴቲቱ ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ያበጡትን፣ ሐኪሞችም ተስፋ የቆረጡባቸውን በሽተኞች አንዳንድ ጊዜ ያድኑ ኖሯል። መድኃኒቱ ከ20 የሚበልጥ ዕፅ የተደባለቀበት ነው። ዊዘሪንግ ስለ ዕፀዋት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ፣ ይኸውም ዲጂታሊስ የሚባለው፣ አበባው የጓንት ጣት የሚመስለው ተክል መሆኑን ለመረዳት ብዙ አልተቸገረም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «አገኘሁት» ብሎ ቅጠሉን መሸጥ ይጀምር ነበር። ዊዘሪንግ ግን ከዚያ ወዲያ 10 ዓመት ደከመ። ሥሩን ሞከረ፤ ኃይሉ በየወቅቱ ቢለዋወጥበት ተወው። ቅጠሉን፣ ያውም ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ የተለቀመውን፣ አድርቆና ፈጭቶ ልኩን ወሰነ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግሬን። አንድ ግሬን ማለት አንድ ግራም ለ15 ሲከፈል የሚደርሰው ያህል ነው። በመጀመሪያ በሽተኛው እስኪያስመልሰው ድረስ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ግን ማስመለሱ መድኃኒቱ ከልኩ ያለፈ ለመሆኑ ምልክት እንደ ሆነ ተረድቶ መጠኑን አሳነሰ። በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ከ150 የሚበልጡ በሽተኞችን ታሪክ አንድ በአንድ ሲጽፍ፣ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም አልደበቀም። እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የማደንቅለት ይህን ነው። በየሠፈራችን ያሉት መድኃኒት አዋቂዎች ያዳኑትን ሰው ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ መድኃኒታቸው ያልሠራለትን ሰው ስም የጠራልኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዛሬ ሐኪሞች ያ እብጠት ከልብ መድከም የሚመጣ መሆኑን ያውቃሉ። በ1930 ከዲጂታሊስ ወገን ከአንዱ ቅጠል ዲጎክሲን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ይታዘዛል። አንድ የተለመደ እንክብል የሚይዘው መድኃኒት 0.25 ሚሊግራም ነው። ይህ ማለት አንዲት ግራም ለ4000 እንክብል ትበቃለች ማለት ነው። የቀረው የእንክብሉ አካል መድኃኒቱን ለመያዝና በጣት ለማንሣት እንዲመች የተጨመረ ነው። የሚረዳው ልክና የሚጎዳው ልክ በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ ሐኪሙ የኩላሊትን ሁኔታ ሳይቀር አይቶ ነው የሚያዝዘው። በዚህ ቦታ እፍኝ ምን ያደርጋል?

ኃይሉን ከተክሉ ለይቶ ማውጣት እንዴት እንደ ተጀመረ ደግሞ ይስሙ። ፍሪድሪክ ዘርቱርነር በጀርመን አገር በፓደርቦርን ከተማ የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት ነበር፤ ዕድሜው ገና 20ን ማለፉ ነው። ኦፒየም በዚያን ጊዜም ለሥቃይ የታወቀ መድኃኒት ነበር። ነገር ግን አንዱ ጥፍጥፍ ሥቃዩን ሳያስታግስ ይቀራል፤ ሌላው ያንኑ ያህል ተመዝኖ ቢሰጥ በሽተኛው እንዳሸለበ ይቀራል። ወጣቱ ቀማሚ ይህ የሚሆነው የሚያስተኛው ነገር በኦፒየሙ ውስጥ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ስለሆነ ነው ብሎ አሰበ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ፤ በግሪኮች የሕልም አምላክ ስምም ሰየመው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሌለው ረዳት ስለ ነበር በመጀመሪያ የሰማው ጥቂት ነው። በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ እሱና ሦስት ወጣቶች ንጥረ ነገሩን ግማሽ ግማሽ ግሬን እያደረጉ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደ ወሰዱት ይናገራል። በመጀመሪያው ፊታቸው ቀላ፤ በሁለተኛው አቅለሸለሻቸው፣ ራሳቸውንም አዞራቸው፤ በሦስተኛው ሆዳቸውን አመማቸውና ሊዝለፈለፉ ደረሱ። ዘርቱርነር የሚሆነውን ፈርቶ ጠንካራ ሆምጣጤ ጠጣ፣ ለጓደኞቹም አጠጣቸው፤ አስታወኩና ተረፉ። የሞርፊን ልክ ከየት ላይ እንደሚያልፍ መጀመሪያ የተለካው በእነዚህ አራት ወጣቶች ሆድ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪ አንባቢዎቼ ይህን በማድነቅ እንዲያልፉት እንጂ እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ ቶሎ ተለይቶ አልወጣም። ለይቶ መመዘን ባልተቻለበት ጊዜ ሊቃውንቱ እንስሳን ሚዛን አደረጉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዲጂታሊስ ቅጠል ኃይል ይለካ የነበረው በእንቁራሪትና በድመት ነው፤ የእንስሳው ልብ እስኪቆም ድረስ የፈጀው ብዛት ተቆጥሮ የቅጠሉ ደረጃ ይወሰን ነበር። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። በ1922 በጃንዋሪ ወር በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ፣ በስኳር በሽታ ሊሞት የተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ከበሬ ቆሽት በተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። መጀመሪያ ቀን የተሰጠው ያልጠራ ስለ ነበር ብዙም ሳይረዳው የተወጋበትን ቦታ አመረቀዘው። ኮሊፕ የሚባለው ሊቅ 12 ቀን ሙሉ ሲያጠራ ሰነበተና እንደ ገና ቢወጋ በሽንቱ ውስጥ ያለው ስኳር ቀነሰ፣ ልጁም ተነሣ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። የበሬው ቆሽት ያው ነው፤ የተለወጠው ማጣራቱ ነው። ኢንሱሊኑ ገና በግራም የሚመዘን ስላልነበረ ልኩ የተወሰነው በጥንቸል ነው፤ የጾመ ጥንቸል ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እስከዚህ ድረስ የሚያወርደው ብዛት «አንድ ዩኒት» ተባለ። ከ1982 ጀምሮ የሰውን ኢንሱሊን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ስለ ተገኙ ቄራው በአብዛኛው ቀርቷል፤ ሐኪሙ ግን አሁንም በማዘዣው ላይ «ይህን ያህል ዩኒት» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ወደ ወጣቱ ከረጢት እንቅረብ።

በ1967፣ የቪየትናም ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን፣ ወባ ከጥይት ያላነሰ ሰው ይፈጅ ነበርና የቻይና መንግሥት አዲስ የወባ መድኃኒት እንዲፈለግ አዘዘ። የተጀመረው በ5ኛው ወር በ23ኛው ቀን ስለሆነ ሥራው «523» ተብሎ ተጠራ። በ1969 ነገሩ በቤጂንግ የባህል መድኃኒት አካዳሚ ለሚሠሩት ለወይዘሮ ቱ ዩዩ ተሰጠ። የተማሩት የመድኃኒት ቅመማ ነው፤ ዶክትሬት የላቸውም። ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የአበውን መጻሕፍት አገላበጡ፤ ሽማግሌ መድኃኒተኞችን ጠየቁ፤ ወደ 2000 የሚደርስ የመድኃኒት አዘገጃጀት ሰበሰቡ። ከዚያ ውስጥ ቺንግሃው የሚባለው ቅጠል በአይጦች ላይ አንድ ጊዜ ደኅና ውጤት ሰጠና ሲደግሙት ጠፋባቸው። ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ። በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ለትኩሳት ያዘዘው አንድ እፍኝ ቺንግሃው በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ነው።

እዚህም ሚዛኑ እፍኝ ነው! ወይዘሮ ቱ ግን ከዚህች አጭር ቃል ሌላ ነገር አነበቡ፤ «አፍሉት» የሚል የለበትም። ምናልባት ኃይሉን የሚያጠፋው እሳቱ ይሆን? ስለዚህ በ35 ዲግሪ ሙቀት ብቻ በሚፈላው በኤተር ቅጠሉን አወጡት። በ1971 በኦክቶበር ወር 191ኛው ናሙና የወባውን ተሕዋስያን ከአይጦቹ ደም ፈጽሞ አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊት ወይዘሮ ቱና ሁለት ጓደኞቻቸው ራሳቸው ወስደው ሞከሩት፤ ከዚያም 21 በሽተኞች ታከሙበት። ንጥረ ነገሩ አርቴሚሲኒን ይባላል። በ2015 ወይዘሮ ቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከእሱ የተሠራውን አርቴሜተርን ሉሜፋንትሪን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ያጣመረውን እንክብል አገራችን በ2004 ለብርቱው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ ወሰነች። ወጣቱ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀመጠው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። አንዱ እንክብል 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይይዛል። ለትልቅ ሰው አራት አራት እየሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ይሰጣል፤ ጠቅላላው 24 ነው። ቁጥሩ እንዲያው የተጻፈ አይደለም። በታመመው ሰው ደም ውስጥ 10 ቢሊዮን የወባ ተሕዋስያን አሉ እንበል። የአርቴሚሲኒን ወገን የሆነ መድኃኒት በሁለት ቀን ውስጥ ከአሥር ሺሁ አንዱን ያህል ብቻ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ይለቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሰውዬው «ድኛለሁ» ብሎ ቢሮ ይገባል። በደሙ ውስጥ ግን ገና አንድ ሚሊዮን አለ። አርቴሜተር ከሰውነት የሚወጣው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሉሜፋንትሪን ግን ለቀናት ይቆያልና የተረፈውን እየለቀመ የሚጨርሰው እሱ ነው። ይህን እንዲችል ደግሞ ልኩ መሙላት አለበት፤ ቅባት ካለበት ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ወደ ሰውነት የሚገባው በዝቶ ይገኛል። በሁለተኛው ቀን ያቆመ ሰው ያንን አንድ ሚሊዮን ለልኩ በማይበቃ መድኃኒት ተወው ማለት ነው።

ሻዩስ? በከረጢቱ ውስጥ ያለው እውነተኛው ቺንግሃው ነው ብንል እንኳ፣ አርቴሚሲኒን በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። በቅጠሉ ያለው ብዛት ከዘር ዘር፣ ከማሳ ማሳ፣ ከወር ወር ይለያያል። ሉሜፋንትሪኑም የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለወባ የዚህን ቅጠል ሻይ እንደማይደግፍ ያስታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። የደከመ መድኃኒት ጉዳቱ በጠጪው ብቻ አያበቃም። የተረፉት ተሕዋስያን ከመድኃኒቱ ጋር መኖርን የቻሉት ናቸውና፣ በወባ ትንኝ ጀርባ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ይህ መልመድ መጀመሪያ በ2008 ገደማ በካምቦዲያ ታወቀ፤ ዛሬ በአፍሪካ ቀንድም ምልክቱ ታይቷል። ደግሞም ቅጠሉ ቺንግሃው መሆኑን ማን አየ? የእኛ አሪቲ የቺንግሃው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ጥቅምም አለው፤ አርቴሚሲኒን ይገኝበታል ብሎ መተማመን ግን ወንድሙ ሐኪም ነው ተብሎ ሰውየውን ቀዶ ጥገና እንደ ማስገባት ነው።

«ታዲያ የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ ነው ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ስለሚባለው በሽታ ሲመረምሩ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የበሽታው አስተላላፊ የሆነው ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፎ አገኙ፤ ከፍ ብሎ ግን ቀንድ አውጣው ደኅና ነበር። እንዶድ ሳሙና መሆኑን አገር ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ የጨመሩት ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውኃ ውስጥ በስንት ሰዓት ይገድላል የሚለውን ነው። የእንዶዱ ዓይነት ሁሉ ኃይሉ እኩል አልሆነም፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ብርቱ የሆኑትን ዓይነቶች መረጡ፤ በ1989ም ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ሁለቱ ተቀበሉ። በሽልማቱ አካባቢ ባሉት ዓመታት ሁሉ ግን አንድ ነገር አዳክሟቸዋል፤ እንዶዱ በሌላ ፍጥረት ላይ ጉዳት አለማድረሱ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች በዓለም አቀፍ ደንብ ካልተመረመረ ሥራ ላይ አይውልም ተባለ፤ የዚያ ምርመራ ዋጋ ደግሞ ለድኃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። ሚዛን ነፃ አይደለም። ኮሶን ከልኩ ጋር ወደ እንክብል ያደረሰው ሰው ያልተገኘውም፣ በከፊል፣ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዛሬ ለሥጋ ትል ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ኒክሎሳማይድ ነው፤ በላቦራቶሪ የተፈጠረ ነው። በየወንዙ ቀንድ አውጣ ለመግደል እንዶድን የቀደመውም ይኸው ኒክሎሳማይድ ነው። የኮሶንም የእንዶድንም ቦታ የያዘው አንድ ነገር መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ጥቂት ቅር አለኝ፤ ወዲያው ግን በልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን የጫኑት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ለወጣቱ የምመልስለት እንግዲህ ይህ ነው። በወረቀት የጠቀለለውን ኪኒን ሳይውጥ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ፤ በሁለተኛው ቀን ማቆሙንም ሳያፍር ይናገር። ደሙ እንደ ገና ይመርመር፤ ምን እንደሚወስድ እዚያው ይነገረዋል። ቅጠሉን ጠጥቶ ከሆነ ይህንንም አይደብቅ፤ አንዳንዱ ቅጠል ከኪኒን ጋር የማይስማማ አለና ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊገሥጸው ብሎ አይደለም። ከረጢቱን መጣል አያስፈልገውም፤ ከእሱ ጥቂት ቆንጥሮ፣ የሚገኝ ከሆነ ከአበባው ጋር፣ ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል።

እናቱንም በደብዳቤ ይጠይቃቸው፤ ቅጠሉ ስሙ ማን ነው? የት በቀለ? የተለቀመው ከማበቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለስንት ሰው ሰጥተው ስንቱ ዳነ፣ ስንቱስ አልዳነም? መልሱ ሲደርሰው ለእኔም ይላክልኝ። በደብዳቤው ውስጥ ከረጢቱንም፣ መንገደኛውንም፣ የሚጠጣበትንም ሰዓት ጽፎልኛል፤ የቅጠሉን ስም ግን ረስቶታል።